የፀሐይ መብራት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

አንባቢ ሆይ፣ ስለ ፀሐይ መብራት ሲነሣ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን እንደየቤቱ ይለያያል።

በደብረ ማርቆስ ከተማ የኤሌክትሪክ መስመር ለገባለት ቤት የሚቀድመው አምፖሉን መለወጥ ነው። ባለ 60 ዋት የቀድሞ አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን 9 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ተመጣጣኝ ብርሃን የሚሰጠው ባለ 9 ዋት ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ግን የሚፈጀው 1.35 ብቻ ነው።

መስመር ባልደረሰበት የጮቄ ተራራ ግርጌ ለሚኖር ገበሬ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኩራዝ ሲገዛ ርካሽ ነው፤ ላምባው ግን ዘወትር ገንዘብ ይበላል፤ ጢሱም አጠገቡ የሚያጠናውን ልጅ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ሶላር ግን ነዳጅ አይጠይቅም።

«በሐምሌና በነሐሴ ደመና ምን ይሠራል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በክረምት ኃይሉ ይቀንሳል፤ ባትሪውም ከሰሌዳው ቀድሞ ያረጃል። ስለዚህ ገዢው የባትሪውን መለወጫ ከዋጋው ጋር አብሮ ማስላት ይገባዋል።

እንዲህ ተሰልቶም ቢሆን፣ ማታ ለማንበብና ስልክ ለመሙላት የሚበቃ አነስተኛ ሶላር ለገጠር ቤት ያዋጣል። እንጀራ ያስጋግረኛል ብሎ የሚገዛው ግን ይጸጸታል። የዕቃ ዋጋ የሚመዘነው በተገዛበት ቀን ብቻ ሳይሆን በሚያገለግልበት ዘመን ሁሉ ነውና።