የጋራ መስመር ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

በአንድ ግቢ ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች፥ የጋራ የመብራት ቆጣሪ ስንት ወዳጅነት እንዳፈረሰ እናውቃለን። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጥደው አንዱ ሲሆን ሒሳቡን የሚከፍለው ሁሉ ነው። ዛሬ በዚህ በአሮጌው ጠብ ላይ አዲስ ተጨምሮበታል፤ ይኸውም የጋራው ራውተር ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ እኛ ራሳችን በዚሁ ምክንያት ጓደኛችንን በድለናልና ልንሸፋፍነው አንወድም።

በአታት አካባቢ ስምንት ሆነን በምንኖርበት ግቢ፥ ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር በመዋጮ ገዛን፤ የወሩንም ፓኬጅ እኩል እያዋጣን እንሞላለን። በመጀመሪያው ወር ፓኬጁ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን አለቀ። ወዲያው የሁሉም ጣት በአንዱ ላይ ተቀሰረ፤ ፊልም ወዳድ መሆኑ ይታወቃልና። ማስረጃ የጠየቀ አልነበረም። ገንዘብ ያዡ የይለፍ ቃሉን ለወጠና ለቀረነው ብቻ ነገረን። ያ ጓደኛችን የጥናት ጽሑፉን ለመላክ ወልቂጤ ድረስ ይመላለስ ጀመር። በሁለተኛው ወር ግን ፓኬጁ እንደ ገና ወሩ ሳይጋመስ አለቀ።

ያን ጊዜ አፈርንና መመርመር ጀመርን። ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን አድራሻ በብራውዘር ጽፈን ብንገባ፥ የተገናኙት ስልኮች ዝርዝር ወጣ፤ እያንዳንዱ የወሰደውን መጠን ግን የእኛ ራውተር አይመዘግብም። ስለዚህ ስምንታችንም የየስልካችንን ሴቲንግ ከፍተን፥ እያንዳንዱ አፕ በዋይፋይ የፈጀውን ፊት ለፊት አሳየን። ጥፋቱ የተገኘው በገንዘብ ያዡ ስልክ ነው፤ ያነሣውን ቪዲዮ ሁሉ ስልኩ በራሱ ሌሊት ሌሊት ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ ይልክ ኖሯል። ባለቤቱም አላወቀም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው!

ሒሳቡ ቀላል ነው። 1 ባይት 8 ቢት ስለ ሆነ፥ በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚያመጣ መስመር የሚያወርደው በሰከንድ ግማሽ ሜጋባይት ብቻ ነው። አንድ ስልክ መስመሩን ጠቅልሎ 900 ሜጋባይት አፕዴት ቢያወርድ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ሰባቱ ቆመው ይጠብቃሉ። ስለዚህ ቁጥጥር አያስፈልግም አንልም። ነገር ግን የራውተሩን ቁልፍ የያዘ ሰው ሌላውን ቆርጦ ሊያስወጣ ይችላል፤ በአንዳንድ ራውተርም ጓደኛው የጎበኛቸውን ድረ ገጾች ስም ሊያይ ይችላል። እንግዲህ ጥያቄው፥ ይህን ሥልጣን ማን ይያዝ? በምንስ ሕግ? የሚል ነው።

በሰኔ 2011 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተና ሰሞን፥ ዳግመኛም በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ለሳምንታት፥ ኢንተርኔት በአገሪቱ ተዘግቶ ነበር። ጥቂቶች ያጠፋሉ ተብሎ ሁሉ ተቀጣ፤ የተዘጋበትም ሰው አቤት የሚልበት ቦታ አልነበረውም። ያን ጊዜ ያማረርን ሰዎች በገዛ ግቢያችን ያንኑ ስንሠራ ምን እንባላለን? ባለሥልጣንን «ሳትሰማ አትፍረድ» የሚል ተማሪ፥ አስቀድሞ በጎረቤቱ ክፍል ደጃፍ ይህን ሊለማመድ ይገባዋል።

አርአያም ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎ ሽማግሎች ከሳሽንም ተከሳሽንም ሰምተው ይፈርዳሉ። የዕቁብ ዳኛም ቢሆን የራሱን ዕጣ ካልጣለ እንደ ማንኛውም አባል ይጠየቃል። ለራውተር የሚያንስ ሕግ ለምን ይኖረናል?

በግቢያችን የተስማማንበትን ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን እናቀርባለን። አንደኛ፥ የራውተሩን መግቢያ ሁለት ሰዎች ይያዙት፤ በየወሩም ይለወጡ። ሁለተኛ፥ እሑድ እሑድ ሁሉም የስልኩን ፍጆታ ያሳይ፤ መጠኑን እንጂ ምን እንዳየ ማንም አይጠይቀው። ሦስተኛ፥ በራሱ የሚሠራ አፕዴትና የቪዲዮ መላኪያ ይዘጋ። አራተኛ፥ ከድርሻው ያለፈ ሰው የትርፉን ይክፈል እንጂ ከመስመሩ አይቆረጥ፤ የሚማርበት ነውና።

«ለአንድ ራውተር ይህ ሁሉ ስብሰባ?» የሚለን አይጠፋም። ስብሰባው በሳምንት ሩብ ሰዓት ነው፤ በአንድ ንጹሕ ጓደኛ ላይ የፈረድነው ግን አንድ ወር ሙሉ ነበር። ይቅርታ ጠየቅነው፤ እርሱም ተቀበለን። ዛሬ ከሁለቱ ቁልፍ ያዦች አንዱ እርሱ ነው፤ ፓኬጁም ባለፈው ወር ሃያ ሰባት ቀን ቆየልን። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኛ ደግሞ ከመቁረጥ መቁጠር ይቅደም እንላለን።