“ጓደኛዬን ካላመንሽ እኔንም አላመንሽኝም” አለኝ

ዕድሜዬ 27 ሲሆን የምተዳደረው በልብስ ስፌት ነው። ከእናቴ ጋር ከደቻቱ ማዶ እንኖራለን። እናቴ ስኳር አለባት፤ በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን ትወጋለች። መድኃኒቱ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እንግዲህ መብራት ሲጠፋ እኔ የምሆነውን ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ባለፈው ግንቦት ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ አደረና ጠዋት ብልቃጡን ብነካው ሞቋል። ፈርቼ ጣልኩት። በዚያው ሰሞን እቁብ ስለደረሰኝ ለሠርጋችን ካሰብነው ላይ ቀንሼ ጣራችን ላይ ሶላር ላስተክል ወሰንኩ።

ታይዋን ሄጄ ብጠይቅ ግን የሰማሁት ሁሉ ራሴን አዞረው። አንደኛው ሱቅ አዲስ ባለ 550 ዋት አለው፤ ዋጋው አይቀመስም። ሁለተኛው ያገለገለ ባለ 250 ዋት ይዞ “የጀርመን ነው፣ ዘላለም ነው” ይላል። ሦስተኛው የእጮኛዬ የልብ ጓደኛ ነው። እሱ ደግሞ “ባለ 500 ዋት አለኝ፣ ላንቺ ስለሆነ በግማሽ ዋጋ፣ ኮንትሮለሩንም እመርቅልሻለሁ” አለኝ። እኔ ሥራዬ ሆኖ ሜትር ከአንገቴ ስለማይጠፋ እንደ ጨዋታ ለካሁት። ቁመቱ 120፣ ወርዱ 67 ሳንቲ ሜትር ሆነ። የዚያኛው ሱቅ 550 ግን ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ይሄ ትንሹ እንዴት ከዚያ ትልቁ ጋር ይቀራረባል ብዬ እጮኛዬን ብጠይቀው “አዲስ ቴክኖሎጂ ነው፤ ጓደኛዬን ካላመንሽ እኔንም አላመንሽኝም” ብሎ አኮረፈኝ። ይኸው ሁለተኛ ሳምንታችን ነው። ጎረቤቶቼ ደግሞ “ግድቡ አልቆ ምን ሶላር ትያለሽ” እያሉ ይስቁብኛል። እባካችሁ ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ፣ ከድሬዳዋ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፤ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ ስለማይወደድ “አንቺ” እያልን ብንቀጥል ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አለን። ሶላሩም እጮኛሽም ትንሽ ይቆዩና አስቀድመን ስለ እናትሽ መድኃኒት እናውራ። ሶላሩ እስኪተከል ሳምንታት ይፈጃል፤ መብራት ግን ዛሬ ማታ ሊጠፋ ይችላል።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት። የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ ለአራት ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ የናንተ ቤት ግን በግንቦት ከ30 በታች እንደማይሆን አንቺ ከእኛ በተሻለ ታውቂዋለሽ። ፍሪጅ በሩ ካልተከፈተ መብራት ከጠፋ በኋላ ወደ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ስለዚህ ፍሪዘሩ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት የበረዶ ሃይላንድ ይኑርሽ፤ መብራቱ ሲጠፋ ወደ ታችኛው ክፍል አውርጂያቸው። መድኃኒቱን ግን በረዶው አይንካው። በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ከሞቀው አይሻልም፣ ይጣላል። ሌላው ዘዴ የሸክላው ነው። ትንሽ የሸክላ ማሰሮ በትልቁ ውስጥ አስቀምጠሽ መሐሉን በእርጥብ አሸዋ መሙላትና በእርጥብ ጨርቅ መክደን። እንደ ድሬ ባለ ደረቅ አየር ውሃው ቶሎ ስለሚተን ውስጡ ከክፍሉ በደንብ ይቀዘቅዛል። አሸዋ እንደሆነ ደቻቱ ሞልቷል! የሞቀ ብልቃጥ ሲያጋጥምሽም ከመጣልሽ ወይም ከመውጋትሽ በፊት ፋርማሲስቱን ወይም ሐኪሟን ጠይቂ።

አሁን ወደ ታይዋን እንሂድ። ያቺ በሜትር የለካሻት ነገር ለጨዋታ ብቻ የቀረች አይደለችም፤ ለጥያቄሽ ግማሽ መልስ ናት። ነገሩ እንዲህ ነው። የሶላር ዋት የሚለካው በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1000 ዋት የሚያህል የፀሐይ ኃይል ሲያርፍ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት ጥሩ ጥሩ ፓኔሎች ከዚህ ውስጥ ወደ መብራት የሚለውጡት 20፣ 22፣ ቢበዛ ቢበዛ 25 በመቶውን ነው። ማለትም ከአንድ ካሬ ሜትር 200 ዋት እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ይገኛል። አንቺ የለካሽው 1.20 ሲባዛ በ0.67 ሲሆን 0.8 ካሬ ሜትር ነው። በዓለም ምርጡ ፓኔል ቢሆን እንኳ 200 ዋት ገደማ እንጂ 500 ሊሆን አይችልም። “አዲስ ቴክኖሎጂ” የሚባለው ነገር ከፀሐይ የማይመጣውን አያመጣም። በአንጻሩ 550 ዋት የሚባለው ፓኔል ርዝመቱ 2.28፣ ወርዱ 1.13 ሜትር አካባቢ ሲሆን 27 ወይም 28 ኪሎ ይመዝናል። ከአንቺ መብለጡ ትክክል ነው።

ሌላ ማረጋገጫ ከፈለግሽ ፓኔሉን አስገልብጪና በጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቢ። ቮልትና አምፔር ሁለት ሁለት ጊዜ ተጽፈው ታገኛለሽ። በሥራ ላይ ሲሆን የሚሰጠውን ቮልት በሥራ ላይ ካለው አምፔር ጋር ስታባዢው ከላይ የተጻፈውን ዋት መስጠት አለበት። አንዳንዱ አጭበርባሪ ከላይ 500 ብሎ ለጥፎ ከታች 18 ቮልት፣ 10 አምፔር ብሎ ይተወዋል፤ ይሄ 180 ነው። ሌባ ሒሳብ ካላወቀ እንዲህ ይጋለጣል።

ታይዋን ስለተገዛ ውሸት ነው ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። እዚያው ገበያ ውስጥ ደህና ዕቃ በደረሰኝ የሚሸጡ አሉ። “ቻይና ነው” ብሎ መናቅም ዛሬ ትርጉም የለውም፤ የዓለም ሶላር ከ80 በመቶ በላይ የሚመረተው ቻይና ነው። ስሙ ታይዋን ቢባልም ማለታችን ነው።

ስለዚህ ምርጫሽ ከአዲሱ 550 እና ካገለገለው 250 ላይ ነው። ድሬ ላይ ለሚገዛ ሰው ከሁሉ በላይ የምንመክረው ሻጮች የማያነሱትን አንድ ቁጥር እንዲጠይቅ ነው፤ የሙቀቱን። ፓኔል ፀሐይ ይወዳል፣ ሙቀት ግን አይወድም። በጀርባው የተጻፈው ዋት የተለካው ፓኔሉ 25 ዲግሪ ሆኖ ነው። የእናንተ ቆርቆሮ ላይ በቀትር ፓኔሉ 65 ዲግሪ ቢደርስ የሚያስገርም አይደለም። ከ25 በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ፓኔሉ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። የ40 ዲግሪ ልዩነት በ0.35 ሲሰላ 14 በመቶ ነው፤ 550 የተባለው 473 ሆነ ማለት ነው። አንዱ ፓኔል 0.29፣ ሌላው 0.40 የሚል ከሆነ ለድሬ የሚሻለው የመጀመሪያው ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህን ያህል የሚያስጨንቅ ልዩነት አይደለም። ሲተከልም ከቆርቆሮው ጋር አይጣበቅ። ከሥሩ አየር እንዲያልፍ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል።

ጥቁሩ “ሞኖ”፣ ሰማያዊው “ፖሊ” ነው። ፖሊው በአንድ ካሬ ሜትር የሚሰጠው ያንሳል፤ ፋብሪካዎቹም አብዛኞቹ ስለተዉት “አዲስ” ተብሎ ከቀረበልሽ ብዙ ጊዜ የቆየ ዕቃ ነው። ያገለገለው የጀርመን እንደው ዘላለም አይደለም፤ ግን ደግሞ ቆሻሻም አይደለም። ፓኔል በዓመት ግማሽ በመቶ ያህል ስለሚደክም 20 ዓመት የሠራ አሥር በመቶ ገደማ አጥቷል እንጂ አልሞተም። መስታወቱ ሥር የቢጫ ወይም የቡናማ ቀለም፣ የውሃ እርጥበት፣ ከጀርባው የተሰነጠቀ ላስቲክ ወይም የተቃጠለ ጥቁር ነጥብ ካየሽ ተዪው። ካላየሽ በቀትር፣ 6 ሰዓት ላይ፣ ደመና በሌለበት ፀሐይ አውጥተው ይለኩልሽ። ለዚህ አንድ ኤሌክትሪሺያን ይዘሽ ሂጂ፤ የዲሲ አምፔር የሚለካ ክላምፕ ይኑረው። ገንዘብሽ ከጠበበ የተለኩ ሁለት ያገለገሉ 250ዎች ከውሸተኛው 500 በብዙ ይሻላሉ። የሚበቃሽ ከሆነ ግን አዲሱን ሞኖ ግዢ።

ለመሆኑ ስንት ዋት ያስፈልግሻል? አንድ መካከለኛ ፍሪጅ በቀን 1200 ዋት ሰዓት ያህል ይበላል። አንድ ቬንትሌተር 60 ዋት ሆኖ ሌሊቱን 10 ሰዓት ቢሠራ 600። አራት አምፑል በ9 ዋት ለ5 ሰዓት 180። ድምሩ 2000 አካባቢ ነው። ድሬ በቀን አምስት ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ ታገኛለች ብለን ብናሰላ፣ በሙቀት፣ በአቧራና በባትሪ የሚባክነውን 30 በመቶ ስንቀንስ ከ550 እስከ 600 ዋት ይበቃሻል። ምጣድ ግን እንዳታስቢ! የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3000 ዋት በላይ ይስባል። መብራት ሲመጣ ጋግሪ።

ገንዘቡን የሚበላው ፓኔሉ አይደለም፤ ባትሪው ነው። ለሌሊቱ 1500 ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልግሻል። የአሲድ ወይም የጄል ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ስለሚያጥር ባለ 12 ቮልት 250 አምፔር ሰዓት መግዛት ይኖርብሻል። የሊቲየም ፎስፌት የሚባለው ግን እስከ 80 በመቶው ድረስ ቢራገፍም አይጎዳም፤ 150 አምፔር ሰዓቱ ይበቃል። የአሲድ ባትሪ ደግሞ ከ25 ዲግሪ በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ 10 ዲግሪ ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። በእኛ አስተያየት ድሬ ላይ የአሲድ ባትሪ መግዛት ሁለት ጊዜ መግዛት ነው። የግድ ከሆነብሽ ከእናትሽ መኝታ ክፍል አርቂው፤ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ በእሳት የሚቀጣጠል ነው። ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይኑር፣ ሽቦውም ወፍራም ይሁን። በ12 ቮልት 1000 ዋት የሚስብ ኢንቨርተር ከ80 አምፔር በላይ ያልፍበታል፤ በቀጭን ሽቦ ቤት ይቃጠላል።

“እመርቅልሻለሁ” ስለተባለው ኮንትሮለርም አንድ ነገር እንበል። ኮንትሮለር ሁለት ዓይነት ነው፤ ፒደብሊውኤም እና ኤምፒፒቲ ይባላሉ። ትልቁ 550 የሚሠራው በ42 ቮልት ገደማ ስለሆነ በርካሹ ፒደብሊውኤም ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ከተገናኘ ወደ ባትሪው ቮልት ይጎተትና 180 እንኳ ሳይሞላ ይቀራል። ኤምፒፒቲ የግድ ነው። ሳጥኑ ላይ ኤምፒፒቲ ተብሎ ተጽፎ ውስጡ ፒደብሊውኤም የሆነም አለ፤ በጣም ቀላልና በጣም ርካሽ ከሆነ ጠርጥሪ። ኢንቨርተሩም ለፍሪጅና ለቬንትሌተር ሞተር “ፒዩር ሳይን ዌቭ” የሚባለው ይሁን። ፍሪጅ ሲነሳ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ከ1000 ዋት አትውረጂ።

የጣራችሁ ማገር ባህር ዛፍ ከሆነ ምስጥ እንዳልበላው አስቀድመሽ አሳዪ። ፓኔሉ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ያጋድል። የኒም ዛፍ ጥላ ጥግ ላይ እንኳ እንዳያርፍበት፤ ትንሽ ጥላ ብዙ ኃይል ትወስዳለች። አቧራውን ጠዋት በማለዳ እጠቢው። በቀትር በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከደፋሽ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ለሚስቁብሽ ጎረቤቶችም መልስ አለን። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 2017 መመረቁ እውነት ነው፣ ደስም ይላል። ነገር ግን ኃይል ማመንጨትና ኃይሉ በእናንተ ሰፈር ምሰሶና ትራንስፎርመር አልፎ ፍሪጅሽ ድረስ መድረሱ ሁለት ነገር ነው። ሌሊት ሽቦ ሲበጠስ ግድቡ ሞልቶ ቢያድርም እናትሽን አይጠቅምም። ይሁንና አንቺም “በቆጣሪ ሒሳብ ገንዘቤን ይመልሳል” ብለሽ እንዳትጀምሪ። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ እየጨመረ ቢሄድም፣ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ባትሪና ፓኔል ደግሞ ተወዷል። አንቺ የምትገዢው የሌሊት እንቅልፍ ነው። ለዚያ ከሠርግ ገንዘብ ላይ መቀነስሽ በእኛ ዓይን ትክክል ነው። የአዳራሽ ዲኮር ቢቀንስ ማንም አይታመምም።

በመጨረሻም እጮኛሽ። ዋሽቶሻል ብለን አንፈርድበትም። ምናልባት ጓደኛውም ተሸውዶ ነው ያመጣው፤ ዕቃ በጅምላ የሚያነሳ ሰው ሁሉ ሜትር ይዞ አይሄድም። ነገር ግን “ካላመንሽኝ” የሚለው ቃል ዋት አይጨምርም፤ ገንዘቡም የአንቺ እቁብ ነው። ስለዚህ ኩርፊያውን አንቺ ስበሪው። ስልክ ደውይና “አቦ፣ ቅዳሜ 6 ሰዓት ላይ ታይዋን እንገናኝ፣ ምሳ በእኔ ነው” በዪው። ጓደኛው ፊት አትከራከሪ፣ ሌባም አትበዪው። ሜትርሽን ለእጮኛሽ ስጪውና ራሱ ይለካ፤ ራሱ ያባዛ። ጓደኛውም “ለካ እኔም ተሸውጃለሁ” የሚልበት መንገድ ይኑረው። እውነተኛውን ፓኔል በእውነተኛ ዋጋና በደረሰኝ ሊያመጣልሽ ከቻለ ከእሱም መግዛት ትችያለሽ።

እጮኛሽ ሜትሩን ለመያዝ እንኳ እምቢ ካለ ግን ሶላሩን ከሌላው ሱቅ ግዢና ስለ ሠርጉ ሌላ ደብዳቤ ጻፊልን።