ለሴት ልጅ ስም ስለ ማውጣት

ስም ለሰው የሚሰጥ የመጀመሪያው ስጦታ ነው። ልብስ ያልቃል፥ ገንዘብም ይጠፋል፤ ስም ግን ከባለቤቱ ጋራ ያድጋል፥ ባለቤቱ ከሞተም በኋላ ይቀራል። ስለዚህ ለልጁ ስም የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ ሊያስብ ይገባዋል።

ከስዊድን አገር ወደ ኢትዮጵያ ብዙ መምህራን፥ ሐኪሞችና አስታማሚዎች መጥተዋል። በጂማ ከተማ በጊንጆ ሰፈር የሚኖሩ ባልና ሚስት ሴት ልጅ ወለዱ እንበል። በወሊድ ጊዜ እናቲቱን የረዳቻት አንዲት የስዊድን አስታማሚ ናት። አባት «በአስታማሚዪቱ ስም ሲግሪድ ትባል» ይላል። አያት ግን «ምን ማለት ነው?» ብላ ትጠይቃለች፤ አባትም መልስ ያጣል።

የአባት ሐሳብ ከምስጋና የመጣ ነውና አይነቀፍም። «የሩቅ አገር ስም ነውር ነው» የሚል ሰውም ቢኖር፥ አስቴርና ዮሐንስ፥ ፋጡማና መሐመድ ከወዴት እንደ መጡ ይጠየቅ። እነዚህም ከሩቅ የመጡ ናቸው፤ ነገር ግን ሕዝቡ ታሪካቸውን ተምሮ የራሱ አደረጋቸው።

የአያት ጥያቄ ግን ከዚህ ይበልጣል። በኢትዮጵያ ስም ንግግር ነው። በኦሮምኛ ቢፍቱ የማለዳ ፀሐይ ብርሃን፥ ጫልቱም የምትበልጥ ማለት ነው። ሴት ልጅ በተወለደች በ80 ቀን በቤተ ክርስቲያን ስትጠመቅ ወለተ ማርያም ብትባል፥ የማርያም ልጅ ማለት ነው። የስዊድንም ስም ትርጉም አለው። ሲግሪድ ድልና ውበት ከሚሉ ሁለት የጥንት ቃላት የተሠራ ነው። ኢንግሪድ ግን ከክርስትና በፊት ይመለክ የነበረውን የኢንግን ስም ይዟል። ትርጉሙን ሳይጠይቅ ስም የሚያወጣ፥ የታሰረ ዕቃ ሳይፈታ ለልጁ እንደሚያሸክም ሰው ነው። ልጅቱ ዕድሜዋን ሁሉ «ስምሽ ምን ማለት ነው?» ስትባል፥ እንደ አባቷ መልስ ታጣለች።

በኢሉባቦር አገር ለተወለደ አንድ ልጅ ወላጆቹ ሂካ የሚል ስም አወጡለት፤ ተርጓሚ ማለት ነው። በሕፃንነቱ ተሰርቆ ተሸጠ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1870 ዓ. ም. በምጽዋ ነጻ ወጣ፥ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤትም ተማረ። መምህራኑ ስዊድናውያን ሲሆኑ፥ አዲሱ ስሙ የስዊድን ስም አልነበረም። ኦኔሲሞስ ተባለ፤ ይህም በግሪክ ቋንቋ ጠቃሚ ማለት ነው። ደግሞም ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ፊልሞና በጻፈው መልእክት የማለደለት ባሪያ ስም ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ መጽሐፉም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ዓ. ም. ታተመ። ወላጆቹ ተርጓሚ ያሉት ልጅ ተርጓሚ ሆነ። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሂካ ቃልን ከባዕድ ቋንቋ ወደ እናቱ ቋንቋ እንደ መለሰ፥ ስምንም እንዲሁ መመለስ ይቻላል። የሲግሪድን ስም የወደደ አባት ልጁን ውቢት፥ ወይም በኦሮምኛ ባሬዱ ቢላት፥ ከስሙ ውበቱን ወሰደ፤ አያትም ገብቷት እየጠራች ትመርቃታለች።

የአስታማሚዪቱ ውለታ ግን በስም ብቻ አይከፈልም። አባት ደግነቷን ለልጁ ይንገራት፥ ወደ ትምህርት ቤትም ይስደዳት። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 ዓ. ም. በኋላ፥ ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፥ በስደት ሳሉ በሎንዶን አስታማሚነትን ተምረዋል። ፀሐይ የሚለው ያገራቸው ስም ከዚህ ሥራ አልከለከላቸውም።

እንግዲህ ስም ለሚጠራውም ለሚጠራበትም የሚገባ ይሁን። ደግ ሰውን የወደደም ከስሙ ይልቅ ሥራውን ለልጁ ያውርስ።