ጎርፍን የሚቀድመው የተደራጀ ሕዝብ ነው

የሰው ልጅ ታሪክ በአንድ ገጽታው ከተፈጥሮ ኃይሎች ጋር ያደረገው የማያቋርጥ ትግል ታሪክ ነው። በዚህ ትግል ውስጥ ጎርፍን «የፈጣሪ ቁጣ ነው» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀበል ጎታች አስተሳሰብ መሆኑ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ያልተነገረለት ሌላ ጎታች አስተሳሰብ ግን አለ። ይኸውም የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ ማኅተም አሳርፎ ካስተላለፈ በኋላ፣ ሰው ሲሞት «ተነግሮት አልሰማ አለ» በማለት ጥፋቱን በሟቹ ላይ የሚጭነው ቢሮክራሲያዊ አመለካከት ነው።

ጉዳዩን ከተጨባጭ ሁኔታ አንጻር እንመልከተው። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ዴራ፣ ወደ ስምጥ ሸለቆ ዝቅ ባለው ዝናብ አጠር የዶዶታ ምድር ላይ ያረፈች ከተማ ናት። ከበላይዋ ግን ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው ጭላሎና የአርሲ ደጋ ይገኛል። በደጋው የጣለው ዝናብ ቆላው ጠራራ ፀሐይ ላይ ሳለ ደረቁን ሸለቆ ሞልቶ ሊወርድ ይችላል። ደራሽ ጎርፍ የሚያሰኘውም ይኸው ባሕርይው ነው። ታዲያ ደመና የማይታየው ገበሬ «በአንዳንድ አካባቢዎች ጎርፍ ሊከሰት ስለሚችል ጥንቃቄ ይደረግ» የሚል መግለጫ በሬዲዮ ቢሰማ ምን ያድርግ? የትኛው ሸለቆ? በስንት ሰዓት? ከብቱን ወዴት ይንዳ? እህሉንስ ማን ይጠብቅለት? እነዚህ የአላዋቂ ጥያቄዎች አይደሉም፤ ያለውን ሁሉ በአንድ ጎጆና በጥቂት ከብቶች ላይ ያኖረ ሠርቶ አደር የሚያነሣቸው ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። መልስ ያልያዘ ማስጠንቀቂያ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን የኃላፊነት ማራገፊያ ነው።

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በድሬዳዋ ላይ ያደረሰው እልቂት ሊረሳ አይገባውም። ከበላይ ካሉት ደጋዎች የወረደው ጎርፍ በሌሊት ደርሶ ከ250 በላይ ሰዎችን ፈጀ። በአብዛኛው ወራት ደረቅ አሸዋ የሆነ ወንዝ በእንቅልፍ ላይ ያለን ሕዝብ ወሰደ። ሕዝቡ ማስጠንቀቂያ የናቀ ሳይሆን፣ ከደጋው እስከ ቤቱ ደጃፍ የሚደርስ የመልእክት ሰንሰለት ያልተዘረጋለት ነበር።

ችግሩ የመሣሪያ እጥረት ብቻ ነው የሚሉ ወገኖች ወደ ስፔይን ይመልከቱ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በቫሌንሲያ የሚቲዎሮሎጂው መሥሪያ ቤት ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ ያወጣው በጠዋት ሲሆን፣ የአካባቢው አስተዳደር በየስልኩ የአደጋ ጥሪ ያስተላለፈው ግን ምሽት ላይ፣ ብዙዎች በውሃ ከተከበቡ በኋላ ነበር። ከ220 በላይ ሰዎች ሞቱ። የአገራችን ሰው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ይህንን ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1970 በአንድ አውሎ ነፋስ ብቻ ቢያንስ 300,000 ሰው ያጣችው ባንግላዴሽ፣ ከ1972 ጀምሮ በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞችን አደራጀች። በድምፅ ማጉያና በባንዲራ ምልክት ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲያስጠነቅቅ፣ ሕዝቡም የሚጠለልበት ጠንካራ ሕንጻ እንዲኖረው አደረገች። እ.ኤ.አ. በ2007 ኃይለኛው የሲድር ማዕበል ሲመታት የሞተው ከ3,000 በላይ ሰው ነበር። ይህም ቢሆን መራራ ኀዘን ነው፤ ሆኖም በሁለቱ አኀዞች መካከል ያለው ልዩነት የድርጅትን ኃይል ያሳያል።

ለዚህ የሚሆን መሠረት በዶዶታም አለ። የቦሩ ወንዝን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳ የሚያስገባው የጎርፍ መስኖ ሥራ የተወጠነው በዚሁ ወረዳ ነው። በጎርፍ መስኖ የሚያለማ ገበሬ የደጋውን ደመና ማንበብ፣ የውሃውን መድረሻ ሰዓት መገመት፣ በሌሊትም ቢሆን በኅብረት ወጥቶ ቦዩን መክፈት ይኖርበታል። ውሃውን ለመቀበል የሚደራጅ ሕዝብ ሕይወቱን ለማዳን መደራጀት አይሳነውም።

ስለሆነም ተግባሩ ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ሊያበቃ አይገባውም። ዝናቡን አስቀድሞ የሚያየው የደጋ ቀበሌ ለቆላው ቀበሌ በቀጥታ ይደውል። ጥሪው አርሶ አደሩ በሚናገረው በአፋን ኦሮሞ፣ የሸለቆው ስም ተጠርቶ ይተላለፍ። ዕድሩ አረጋውያንና ሕፃናትን ማን እንደሚያወጣ፣ ከብቱ በየትኛው ኮረብታ እንደሚሰበሰብ ከክረምት በፊት ይወስን። ከጉልበት በታች የሆነ ፈጣን ውሃም ሰው እንደሚጥል ለወጣቱና ለሾፌሩ ይነገር። እኛም የብዕር ሠራተኞች ግለ ሂስ እናድርግ፦ ጎርፉ ካለፈ በኋላ ሬሳ ከመቁጠር ይልቅ ከመድረሱ በፊት ሰንሰለቱ የት ላይ እንደተበጠሰ መጠየቅ ይገባን ነበር።

ሕዝቡን ከመውቀስ በፊት ሕዝቡን ማደራጀት ይቅደም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ የተባበረ መንደርም ጎርፍን ይቀድማል!