ርካሽ ደመወዝ፣ ውድ ሠራተኛ

የአገራችን ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ ዋጋ ብቻ አይቶ አይገዛም። ቆርቆሮ የሚገዛው ውፍረቱን ይለካል፤ ቡና የሚገዛው እፍኝ ዘግኖ ያያል፣ ያሸታል፤ ያገለገለ መኪና የሚገዛው ሜካኒክ ይዞ ይሄዳል። ርካሹ ዕቃ ብዙ ጊዜ ውድ ሆኖ እንደሚገኝ ማንም ሊነግረው አይችልም፤ ከኪሱ ከፍሎ ተምሮታል። ይኸው ብልህ ነጋዴ ግን ሰው ሲቀጥር የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በወር ስንት?»። የሚቀጠረው ሰው በዚያ ወር ምን ያህል ይሠራል? እስከ መቼ ይቆያል? ሲለቅስ ምን ይዞ ይሄዳል? እነዚህ ጥያቄዎች ከሒሳቡ ውጪ ናቸው።

በገበያችን ሠራተኛን በደንብ መያዝ የጽድቅ ሥራ ተደርጎ ይታያል። ትርፍ ሲኖር የሚደረግ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚቀነስ ነገር ነው። ጽድቁን ለጊዜው ለባለቤቱ እንተወውና በንግድ ቋንቋ ብቻ እንነጋገር። የሠራተኛ ጤናና የሥራ ቦታ ምቾት ወጪ ነው ወይስ ካፒታል? የዚህ ጽሑፍ አቋም ካፒታል ነው የሚል ነው። ማስረጃውን ፍለጋም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

የሐዋሳ ትምህርት

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ የውጭ ልብስ አምራቾችን ከሳቡት ነገሮች አንዱ የሠራተኛ ዋጋ ነበር። በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት የቢዝነስና የሰብዓዊ መብት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት እንደዘገበው፣ የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በዚያው ጥናት የባንግላዴሽ 95፣ የኬንያ 207፣ የቻይና ደግሞ 326 ዶላር ሆኖ ተመዝግቧል። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ ገበያ አይገኝም።

«በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ማለት ግን እዚህ ላይ ነው። በፓርኩ የመጀመሪያ ዓመት የሠራተኛ ፍልሰት ወደ 100 በመቶ የተጠጋ እንደነበር ይኸው ጥናት ያስረዳል። በሌላ አነጋገር በዓመቱ ውስጥ የለቀቁት ሰዎች ቁጥር በአማካይ ሥራ ላይ ከነበሩት ጋር እኩል ለመሆን ደርሷል ማለት ነው። ምክንያቱ እንቆቅልሽ አልነበረም። አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ደመወዙ የቤት ኪራይና ምግብ ከቻለ በኋላ የሚተርፈው የለም፤ በአንዲት ጠባብ ክፍል ለብዙ ሆኖ መኖር ግድ ነበር። ስፌት መኪና ነክታ የማታውቅ ልጅ ለወራት ትሠለጥናለች፤ እጇ መፍታታት ሲጀምር ትሄዳለች። ፋብሪካውም ከሌላ ጀማሪ ጋር «ሀ» ብሎ ይነሳል።

ለፓርኩ ችግር ሁሉ ምክንያቱ ይህ ነው ማለት አይደለም። ግንባር ቀደሙ የአሜሪካ ኩባንያ ፒቪኤች እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ያስታወቀው በጦርነቱ ሳቢያ ነው። ከጥር 2022 ጀምሮም ኢትዮጵያ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ተሰርዛለች። ነገር ግን ፍልሰቱ ከጦርነቱም ሆነ ከአጎዋ ዕገዳ ቀድሞ የነበረ ነው። ለእርሱ ሰበብ የሚሆን ውጫዊ ነገር የለም።

ሠራተኛውም ነጋዴ ነው

«ሥራ አጥ በሞላበት አገር ማን ይለቃል?» የሚል ይኖራል። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ይህንኑ እዚሁ አገራችን ፈትሸውታል። አምስት ድርጅቶች ውስጥ ሥራ ለማግኘት ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ከፋፈሉ። ለአንደኛው ወገን የፋብሪካ ሥራ ተሰጠው፤ ለሁለተኛው 300 ዶላርና የንግድ ሥልጠና፤ ሦስተኛው ምንም ሳይሰጠው ለማነጻጸሪያ ተተወ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው የፋብሪካ ሥራ ካገኙት አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ለቀዋል። ከዓመት በኋላ ገቢያቸው ምንም ካልተሰጣቸው ሰዎች የተሻለ አልነበረም፤ የጨመረው የጤና ችግራቸው ነው። በአንፃሩ 300 ዶላሩን የተቀበሉት ገቢያቸው በ33 በመቶ አድጓል።

ነጋዴ የሆነ ሰው ይህን ውጤት ሲያነብ ሊደነቅ አይገባም። ሠራተኛም ጉልበቱን የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ሒሳብ ያውቃል። ጤናውን ከፍሎ የሚያገኘው ገንዘብ በጉሊት ከሚያገኘው ካልበለጠ ሸቀጡን ወደ ሌላ ገበያ ይወስዳል። የተሻለ ገዢ ያጣ ሻጭ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሚዛኑን ያጎድላል። ሠራተኛ ሚዛን የሚያጎድለው በማርፈድ፣ በመቅረት፣ በልግምና ነው።

ሒሳቡን እንሥራ

ለምሳሌ ያህል በአንድ ሰፈር ሁለት የሸሚዝ ስፌት ቤቶች አሉ እንበል። እያንዳንዳቸው 20 ሰፊ አላቸው፤ የቤት ኪራያቸው 50,000 ብር ነው፤ በወር 25 ቀን ይሠራሉ። የመጀመሪያው 3,000 ብር ይከፍላል። ሠራተኛ ስለማይበረክትለት አብዛኞቹ ጀማሪ ናቸው፤ አንዱ ሰፊ በቀን 10 ሸሚዝ፣ በወር 250 ይሰፋል። የአንድ ሸሚዝ የእጅ ዋጋ 12 ብር ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛው 4,000 ብር ደመወዝና ለምሳና ለትራንስፖርት 500 ብር፣ በድምሩ 4,500 ይከፍላል። ሠራተኞቹ ስለቆዩ በቀን 18፣ በወር 450 ሸሚዝ ይሰፋሉ። የእጅ ዋጋው 10 ብር ነው። በወር 1,500 ብር አብልጦ የከፈለው ሰውዬ በሸሚዝ 2 ብር አተረፈ።

ኪራዩን ስንጨምርበት ልዩነቱ ይሰፋል። የመጀመሪያው 50,000 ብር ለ5,000 ሸሚዝ ሲያካፍል 10 ብር ይደርሰዋል፤ ሁለተኛው ለ9,000 ሲያካፍል 5 ብር ከ55 ሳንቲም ገደማ። በድምሩ 22 ብር ከ15 ብር ከ55 ጋር ገበያ ሊወጣ ነው። ሁለተኛው ቤት በቀን 18 ቀርቶ 15 ብቻ ቢሰፋ እንኳ የእጅ ዋጋው ከጎረቤቱ ጋር እኩል 12 ብር ይሆናል፤ የኪራዩ ጥቅም ግን ያው ከእርሱ ጋር ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው። አንባቢ በራሱ ቤት ቁጥሮች ይተካቸው።

በሱቅም ቢሆን ስሌቱ ያው ነው። መርካቶ ውስጥ ደህና የሽያጭ ሠራተኛ ሲለቅ ደንበኛ የሚወደውን፣ የትኛው የክፍለ ሀገር ነጋዴ ዱቤውን በሰዓቱ እንደሚከፍል፣ የትኛው እንደሚያጉላላ የያዘውን ጭንቅላት ይዞ ነው የሚለቀው። ሦስት ሱቅ አልፎ ሲቀጠር ደንበኛውም ይከተለዋል።

ሙቀትም ዋጋ አለው

ገንዘቡን ብቻ ስናወራ የሥራ ቦታውን እንዳንረሳ። በህንድ ባንጋሎር አካባቢ በሚገኙ የልብስ ፋብሪካዎች የተካሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት አለ። ፋብሪካዎቹ አሮጌ አምፖሎቻቸውን አነስተኛ ሙቀት በሚያወጡ ኤልኢዲ አምፖሎች የቀየሩት መብራት ለመቆጠብ ብለው ነበር። አጥኚዎቹ የየዕለቱን ምርት ከአየር ጠባዩ ጋር ሲያስተያዩት ሙቀት ሲጨምር ምርት እንደሚወርድ፣ አምፖሉ ከተቀየረ በኋላ ግን በሞቃት ቀናት ምርት እንደተሻሻለ አገኙ። አንድ አማካይ ፋብሪካ በመብራት ቁጠባ ያገኘው 2,880 ዶላር ገደማ ሲሆን ሠራተኛው በመቀዝቀዙ ያገኘው ግን 7,500 ዶላር ገደማ ነው። ባለቤቶቹ ያልጠበቁት ትርፍ የጠበቁትን ከእጥፍ በላይ በለጠው።

አሁን ወደ እኛ እንመለስ። አዳማና ድሬዳዋን ተዉት፤ አዲስ አበባም ቢሆን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መስኮት የሌለው መጋዘን እኩለ ቀን ላይ ምን እንደሚመስል ጫኝና አውራጁን መጠየቅ ነው። ጣሪያው ላይ ሁለት ቀዳዳ መክፈትና ቬንትሌተር መስቀል የስንት ጆንያ ዋጋ ይሆን?

የፎርድ ውሳኔ

በዚህ ረገድ ታሪክ የመዘገበው ትልቁ ምሳሌ ሄንሪ ፎርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በመኪና ፋብሪካው የሠራተኛ ፍልሰት 370 በመቶ ነበር። በ14,000 ሰው ለማሠራት በዓመት ከ50,000 በላይ ይቀጥር ነበር። በጥር 1914 የቀን ክፍያውን ከእጥፍ በላይ አሳድጎ 5 ዶላር አደረገ፤ የሥራ ሰዓቱንም ከ9 ወደ 8 ቀነሰ። ፍልሰቱ በ1914 ወደ 54፣ በ1915 ወደ 16 በመቶ ወረደ። ፎርድ ራሱ ኋላ ላይ ውሳኔውን ወጪ ከቀነሰባቸው ምርጥ ዘዴዎች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። ሁሉን ቅዱ ለማለት አይደለም፤ ፎርድ ጭማሪውን ለመክፈል የሠራተኛውን ቤት ድረስ ተቆጣጣሪ ይልክ ነበር። ሒሳቡ ግን አልተሳሳተም።

«ገንዘቡ ከየት ይምጣ?»

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። ብድር ውድ፣ ገበያ ቀዝቃዛ በሆነበት ጊዜ ደመወዝ እጥፍ አድርጉ ብሎ መምከር ቀልድ ይሆናል። ግን ምርታማነትን ከሚገድሉት ነገሮች ብዙዎቹ ገንዘብ የማይጠይቁ ናቸው። ደመወዝን በቀኑ መክፈል ምንም አያስወጣም፤ የዘገየ ደመወዝ ግን ሠራተኛውን አራጣ አበዳሪ ዘንድ ይወስደዋል፤ ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ አእምሮው ሥራው ላይ አይውልም። ቀኑን ሙሉ ቆማ ለምትሸጥ ልጅ በርጩማ ማቅረብ፣ ንጹሕ ውኃና ለሴቶች የተለየ መጸዳጃ ማዘጋጀት የአንድ ቀን ሽያጭ አይፈጅም። መጸዳጃ ስለሌለ ውኃ ሳትጠጣ የምትውል ሠራተኛ ከሰዓት በኋላ ምን ልትሠራ ትችላለች? በሰው ፊት የሚሳደብ ካቦን ማረም ደግሞ ሙሉ በሙሉ በነፃ ነው።

ዕረፍትም እንዲሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ወስኖታል፤ ለአንድ ዓመት አገልግሎትም 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። ብዙ አሠሪ ይህን እንደ ቅጣት ያየዋል። የጭነት መኪናውን ግን ኪሎ ሜትሩ ሲሞላ ዘይት ሳይቀይር አንድ ቀን አያሳድርም። ሰውስ ዘይት አያስፈልገውም?

ለአክሲዮን ገዢዎችም አንድ ቃል። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ተከፍቷል። የአንድን ኩባንያ ትርፍና ኪሳራ የሚመረምር ባለሀብት «ባለፈው ዓመት ከመቶ ሠራተኛ ስንቱ ለቀቀባችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ከብዙ ገጽ ሪፖርት የማያገኘውን ያገኛል። መልስ የሌለው ኩባንያ ዋናውን ወጪውን አያውቀውም።

ለነጋዴውም ሥራው ይኸው ነው። በዚህ ወር መጨረሻ ሒሳብ ሹምዎ መዝገቡን ሲዘጋ አንድ መስመር ያስጨምሩ፤ ስንት ሰው ለቀቀ፣ ምትኩን ለማግኘትና ለማሠልጠን ስንት ቀን ባከነ፣ በዚያ ጊዜ ስንት ዕቃ ተበላሸ፣ ስንት ደንበኛ ተመለሰ። ድምሩን ከአንድ በርጩማና ከአንድ ቬንትሌተር ዋጋ ጋር ያስተያዩት። ከዚያ በኋላ ውሳኔው የራስዎ ነው።