ካሜራው ምን አጠፋ?

ጎበዝ፣ ካሜራ መውቀሱን እናቁም! በደሴ መንገድ ሸዋ ሮቢት ወርዶ የተመለሰ ባለ ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ሁሉ ሙሾው አንድ ነው፤ «ፎቶው ደበዘዘብኝ፣ ሌንሱ አይረባም፣ ብር ሳገኝ እቀይረዋለሁ።» እኛም ስንት ጊዜ ብለነዋል! ውሸታችንን ነው።

እስቲ አገሩን እንየው። ጣርማበር ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር ገደማ። ከዚያ ብርድ የወረደ ሌንስ ሞቃት አየር ሲነካው ላብ ሊያወጣ ይችላል። ከቦርሳው ሳይወጣ ትንሽ ይሙቅ። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ የጋለው መሬት አየሩን ያርገበግበዋል። በረጅም ዙም ሩቁን ስንስብ ውርግብግቡንም አብረን እንስባለን። ይሄን የትኛውም ውድ ሌንስ አያጠራውም፤ መድኃኒቱ በማለዳ መነሳትና መቅረብ ነው።

ቀጥሎ እጃችን። በ200 ሚሊሜትር የሚያነሳ ሰው ሻተሩ ቢያንስ 1/200 ሰከንድ፣ ሴንሰሩ አነስ ካለ 1/320 ይሁን። ለሚራመድ ሰውና ግመል 1/500 ይሻላል። የሌንሱ ማረጋጊያ የእኛን እጅ እንጂ የግመሉን እግር አያቆምም! ብዙው ሌንስ ኤፍ 8 አካባቢ ይጠራል፤ «ሁሉም ጥርት ይበል» ብሎ ኤፍ 22 ላይ መዝጋት መልሶ ያለሰልሰዋል። ፎከሱንም ለካሜራው ከተውነው ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ቅርቡን ነው፤ ከሴትየዋ ፊት ይልቅ የሽንኩርት ጆንያዋ ጥርት ይላል። አንዷን ነጥብ መርጦ ዓይን ላይ ማሳረፍ ነው።

ዋናው ክርክራችን ግን ሌላ ነው። የሰንበቴን የእሁድ ገበያ፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው የሚገበያዩበትን፣ እንዴት ነው የምናነሳው? ከመኪና መስኮት፣ ሞተሩ እየነዘረ፣ በ300 ሚሊሜትር፣ ማንንም ሳንጠይቅ! እንደ ሌባ የሰረቅነው ፊት ቢደበዝዝ ምን ይገርማል?

«ከተጠየቀ ሰው ይገተራል፣ ተፈጥሯዊነቱ ይጠፋል» የሚሉን አሉ። ይገተራል፣ ለአምስት ደቂቃ! ሰላም ብለን፣ ፈቃድ ጠይቀን፣ ሻይ ጠጥተን ከቆየን ሁሉም ወደ ገበያው ይመለሳል። እምቢ ካሉን ደግሞ እምቢ ነው፤ ፊቱ የእሳቸው እንጂ የእኛ አይደለም። የተፈቀደለት ሰው ግን በ50 ሚሊሜትር ተጠግቶ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ክንዱን ከጎኑ አጣብቆ ያነሳል። የሚያስቸኩለው የለም።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ኒኮን ዲ70 6 ሜጋፒክሰል ብቻ ነው። በቅርብ ለተነሳ ፊት ሽፋሽፍት ያስቆጥራል። ዛሬ መስታወት አልባ የሚባሉት አዳዲስ ካሜራዎች ገበያውን ወርሰውታል፤ በእነሱም ቢሆን ከመስኮት እየሰረቁ የሚያነሱ አሉ።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ ሌንስ ከመቀየራችን በፊት ከመኪናው እንውረድ!