ጭስ አይቀባም

ያን ዕለት ማታ ዝም ያልኩት ፈርቼ አይደለም። በሰው ቤት ተጋብዞ፣ የሰው ብርጭቆ ይዞ፣ የጋባዡን መጠጥ ማጣጣል ነውር ስለሆነ ነው። አሁን ግን ወረቀትና ቀለም ከፊቴ አለና የዋጥኩትን ልተፋው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእኛው ከተማሪዎቹ አንዱ (ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል) በተከራያት ክፍል ሰብስቦን «ዛሬ ሜዝካል ሳወር ላጠጣችሁ ነው» አለ። ደስ አለን። ጠርሙሱን ሲያወጣ ጂን ሆኖ ተገኘ። በጂኑ ላይ ሎሚ ጨመቀ፤ ስኳር በጠበጠ፤ ከዚያ ከኪሱ አንዲት ብልቃጥ አውጥቶ ሦስት ጠብታ ጣል አደረገ። ፈሳሽ ጭስ ነው፤ ያ ሥጋ ላይ የሚቀባው። ክፍሉ በአንዴ የተቃጠለ እንጨት ሸተተ። «ይኸውላችሁ ሜዝካል! ጭስ ያው ጭስ ነው፤ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ?» አለን። ተጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

እኔ እጠይቃለሁ። ከየት መጣ?

ሜዝካል የሚወጣው አጋቭ ከሚባለው ተክል ነው። ሥዕሉን ያየ ሁሉ እሬት ነው ይላል፤ አይደለም። ይልቅስ ለገመድ የምናውቀው ቃጫ የሥጋ ዘመዱ ነው፤ እሱም ራሱ የአጋቭ ወገን ነው። አገሩ ሜክሲኮ ነው፤ አብዛኛው ሜዝካልም የሚሠራው ዋሃካ በሚባለው ክፍለ አገር ነው። ቃሉ የመጣው ናዋትል ከሚባለው ከአገሬው ቋንቋ ሲሆን፣ ትርጉሙ በምድጃ የበሰለ አጋቭ እንደ ማለት ነው። ማብሰሉ እስሙ ውስጥ አለ ማለት ነው። ያላበሰለ ሰው ስሙን ከየት ያመጣዋል?

አበሳሰሉን እዩት እንግዲህ። ኤስፓዲን የሚባለው የተለመደው ዓይነት ለመድረስ ከ6 እስከ 8 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ተክሉ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። ገበሬው የአበባውን ዘንግ ገና ብቅ ሲል ይቆርጠዋል፤ ያጠራቀመው ስኳር እመሐሉ እንዲቀር። ከዚያ ቅጠሉ በገጀራ ተመልምሎ መሐሉ ይወጣል፤ አናናስ ይመስላል፣ አንዳንዱም ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ጉድጓድ ተቆፍሮ እንጨት ይነድድበታል፤ በእሳቱ ላይ ድንጋይ ይደረደራል፤ ድንጋዩ ሲግል የአጋቩ መሐል ይከመርበትና በቃጫውና በሰሌን ተሸፍኖ አፈር ይለብሳል። እንዲህ ተዳፍኖ ከ3 እስከ 5 ቀን ይቆያል። ጭሱ በዚያ ሁሉ ቀንና ሌሊት ሥጋው ውስጥ ሲገባ ነው የሚሰነብተው። ሲወጣ በፈረስ ወይም በበቅሎ በሚጎተት የድንጋይ መንኰራኵር ይፈጫል፤ አቅም የሌለው በእንጨት መዶሻ ይወቅጠዋል። በክፍት የእንጨት በርሜል ውስጥ አየሩ ባመጣው እርሾ ይብላላል፤ በመጨረሻ ብዙውን ጊዜ ሁለቴ ይነጠራል፤ በመዳብ ወይም በሸክላ። ያን የሸክላ ማሰሮ የእኛ አገር አረቄ አውጪ እናት ብታየው፣ ማንም ሳያስረዳት እጅጌዋን ሰብስባ ሥራው ውስጥ ትገባ ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ በሦስት ጠብታ ይተካል?

ልክ ነው፣ ብልቃጡ ውስጥ ያለውም የውሸት ጭስ አይደለም። እንጨት ነድዶ፣ ጭሱ ቀዝቅዞ ውሃ ውስጥ የገባ ነው። ግን ላይ ላዩን ተቀብቶ ይቀራል፤ ከበታቹ ያለው ጂን ስለ ጉድጓዱ የሰማው ነገር የለም። ይህን የምለው ከሌላው ንጹሕ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። አምና እኔው ራሴ ብርጭቆ በወይራ ጭስ አጥኜ ተኪላ ቀድቼበታለሁ። (ተኪላም ከአጋቭ ይወጣል፤ ግን አጋቩ አብዛኛውን ጊዜ በእንፋሎት ስለሚበስል አይጨስም።) «የአገር ባህል ከሜክሲኮ ጋር አዋሕጄ» ብዬ ስጎርር ከረምኩ። በኋላ ሳስበው አፈርኩ። አያቴም ጋኗን በወይራ ታጥን ነበር እኮ! ግን ጠላውን ጠላ ነው ያለችው፤ ስለ ጭሱ ብላ ሌላ ስም አላወጣችለትም።

አንዳንዱ «ስም ምን ያደርጋል? እንጠጣ!» ሊለኝ ይችላል። ስም ምን እንደሚያደርግ የዋሃካን ገበሬ ጠይቁት። እ.ኤ.አ. በ1994 የሜክሲኮ መንግሥት ሜዝካል የሚለውን ስም ለተወሰኑ ክፍለ አገሮች ብቻ የሚፈቀድ መጠሪያ አደረገው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የባዕድ አገር ፋብሪካ ስሙን እንዳይሰርቅ። ግን ከክልሉ ውጭ የቀረ፣ ወይም የምርመራውንና የምስክር ወረቀቱን ወጪ መክፈል ያቃተው ገበሬ፣ አያት ቅድመ አያቱ ሲያወጡት የኖሩትን መጠጥ ጠርሙሱ ላይ ሜዝካል ብሎ መጻፍ አይችልም። «ዴስቲላዶ ዴ አጋቬ» ብሎ ይጽፋል፤ ከአጋቭ የተነጠረ ማለት ነው። ያ ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ድንጋይ አግሎ፣ ቀናት ሙሉ ጭስ ሲውጥ ሰንብቶ ስሙን ይከለከላል። የእኛ ወዳጅ ደግሞ ብልቃጥ ከፍቶ ስሙን በነጻ ይወስዳል! ያን ማታ ብርጭቆው ውስጥ የጎረበጠኝ ይህ ነው እንጂ የጂኑ ጣዕም አይደለም። ጂኑማ ደህና ነበር። «የጭስ ጂን ሳወር» ቢለው ኖሮ ሁለተኛ እጠይቅ ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ ወደ ቀኝ ያፈነገጡ አሉ። «ሜዝካል ከምንም ጋር አይደባለቅም፤ ሎሚ የነካው ሜዝካል የረከሰ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፣ በዋሃካ ሰዉ ከትንሽ ቅል በጥቂት በጥቂቱ እየተጎነጨ ነው የሚጠጣው። ለአንዳንዱ ዓይነትም ክርክራቸውን እቀበላለሁ። ቶባላ የሚባለው የዱር አጋቭ ለመድረስ ከ10 ዓመት በላይ ይወስዳል፤ ቴፔስታቴ የሚባለው 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ከብዙዎቻችን ዕድሜ ይበልጣል ማለት ነው። ይህን አውጥቶ ሎሚና ስኳር ውስጥ መዝፈቅ ግፍ ነው። የተመዘገበው የሜዝካል ምርት እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ 1 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ነበር፤ በ2022 ከ14 ሚሊዮን ሊትር አልፏል። ከዱር የሚነቀል ሳያብብ ስለሚቆረጥ ዘር አይጥልም፤ ጥሙም በዚያው ልክ ተራራውን ያራቁታል። ኤስፓዲን ግን ከሥሩ በሚያበቅለው ቡቃያ በእርሻ ይተከላል፤ ጠንካራ ነው፣ ሎሚ አይገድለውም። በደንብ የተሠራ ሳወር እንዲያውም ጭሱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ ወደ ቤታችን እንመለስና እንሥራው።

በመጀመሪያ ጠርሙሱን አንብቡ። በአገሩ ደንብ ሦስት ደረጃ አለ። ሜዝካል ብቻ የሚለው በዘመናዊ የእንፋሎት ጋን የተቀቀለ ሊሆን ይችላል፤ ከጭስ ጋር ላይተዋወቅም ይችላል። «አርቴሳናል» ወይም «አንሴስትራል» የሚለውን ፈልጉ። «ኤስፓዲን» እና «ሆቨን» የሚል ካለበት ይበቃል፤ ሆቨን ማለት በእንጨት በርሜል ያልሰነበተ ነው። ትል የተኛበት ጠርሙስ ካገኛችሁ ትሉ ምንም አያረጋግጥም፤ የገበያ ጨዋታ ነው። የእኔ ጠርሙስ አንድ ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ያመጣልኝ ነው፤ ስለዚህ በማንኪያ ነው የምለካው።

በሎሚው በኩል ዕድለኞች ነን። የእኛ ትንሿ ሎሚ ሜክሲኮዎች የሚጨምቋት የዚያችው ዓይነት ናት፤ ውጭ አገር በየሱቁ የሚሸጠው ትልቁ አረንጓዴ የእሷን ያህል አይሸትም። ሁለት ወይም ሦስቱን በሚጠጣበት ሰዓት ጭመቁ፤ ጧት ተጨምቆ የዋለ ሞቷል፤ የጠርሙሱን ጭማቂማ አታንሱብኝ። ልጣጩ እስኪያለቅስ አትጭመቁት፤ ይመራል።

ስኳሩን በእኩል ውሃ አሟሙታችሁ አቀዝቅዙት። የአጋቭ ሽሮፕ ያለው ሰው ይችላል፤ ግን ከስኳር ይልቅ ስለሚጣፍጥ ይቀንስ። «ከአንድ ተክል ስለመጡ ይስማማሉ» የሚለው ክርክር በዝምድና ሥራ እንደ መቀጠር ነው፤ አልቀበለውም። ማር ደግሞ የራሱ ሽታ አለው፤ ከጭሱ ጋር ይጣላል።

ልኩ በሾርባ ማንኪያ አራት፣ ሁለት፣ አንድ ተኩል ነው፤ ሜዝካል አራት፣ ሎሚ ሁለት፣ የስኳር ውሃ አንድ ተኩል። የአንድ እንቁላል ነጩን ግማሽ ጨምሩበት፤ እንቁላሉ የዕለት ካልሆነ ወይም ጥሬ የምትፈሩ ከሆነ ተዉት፤ አረፋው ቢቀር ሳወሩ አይቀርም። ቆንጥር ጨው ጣል አድርጉ። መናጫ የለኝም የሚል ካለ የማርማላታ ጠርሙስ ይበቃል። መጀመሪያ ያለ በረዶ፣ ክዳኑን በመዳፋችሁ ይዛችሁ ናጡት (አረፋው ክዳን ይገፋል፤ የእኔ ጣሪያ ምስክር ነው)። ከዚያ በረዶ ሞልታችሁ፣ ጠርሙሱ እጃችሁን እስኪያቃጥል ድረስ፣ 15 ሰከንድ ያህል እንደገና ናጡ። የሚቀልጠው ውሃ የመጠጡ አካል ነው፤ በረዶ አትቆጥቡ። በሻይ ማጥለያ አጥልላችሁ ቅዱ።

ከመጠጣታችሁ በፊት አሽትቱት። መጀመሪያ ሎሚው ይመጣል፤ ከዚያ የበሰለ ነገር፣ የተጠበሰ ስኳር ድንች የሚመስል፤ ጭሱ ከኋላ ነው። ከብልቃጡ ሲሆን ግን ጭሱ ከበሩ ጀምሮ ይጮኻል፤ ስትጠጡት ከበስተኋላው ምንም የለም።

ጠርሙሴ ውስጥ የቀረው ለሁለት ብርጭቆ ነው። አንደኛው የዚያ የወዳጄ ነው፤ ቅዳሜ ማታ ይምጣ። ሎሚ ይዞ ይምጣ፤ ብልቃጡን ግን እቤቱ ይተወው።